ሁለት ተማሪ፣ አንድ ውጤት፦ የቤተሰብ ኑሮና የታዳጊዎች እንቅስቃሴ በአንድ የጅማ ትምህርት ቤት

ጉዳዩ

ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። የምጽፈው በአንድ የ9ኛ ክፍል ሴክሽን ስላጋጠመን ነገር ነው። ልጆቹንና ቤተሰቦቻቸውን የሚያስለይ ነገር አላስገባሁም። አንዳንድ ዝርዝርም ሆን ብዬ ቀይሬያለሁ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ሁለት ተማሪዎች በሰውነት ማጎልመሻ ከክፍሉ ዝቅተኛውን ውጤት አመጡ። አንዷ የ16 ዓመት ልጅ ናት። ሌላው 15 ዓመቱ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ሁለቱም ሜዳው ዳር ያለው ግንብ ላይ ይቀመጣሉ። እሷ «ሆዴን አሞኛል» ትላለች። እሱ «ቲቸር፣ ደክሞኛል» ይላል። የተጻፈላቸው አስተያየትም ተመሳሳይ ነው፦ አይሳተፉም፣ ፍላጎት የላቸውም።

የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ግን በዚህ አልተስማማችም። ልጅቷን ጠዋት ጠዋት እንጀራ ተሸክማ ስትሄድ በመንገዷ ታያታለች። «ይቺን ልጅ ሰነፍ ማለት ይከብደኛል» አለች በስብሰባው ላይ። ነገሩን ማጣራት የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱ ቤቶች

የልጅቷ እናት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። የሚኖሩት በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ልጅቷ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ከሥሯ ሁለት ታናናሾች አሉ። ውሃ የሚቀዳው ከጎረቤት ግቢ ነው።

የልጁ አባት ቡና ነጋዴ ነው። የራሳቸው ሰፊ ግቢ አላቸው፣ መኪናም አላቸው። መኪናዋ ለሥራ ስለምትውል ልጁን የኮንትራት ባጃጅ ከበራቸው አንስቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያወርደዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ አስጠኚ ቤት ድረስ ይመጣለታል።

የቤተሰብን ኑሮ ደረጃ ለመለካት በአውሮፓ ለታዳጊዎች የሚሰጥ አጭር መጠይቅ አለ። ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው። መኪና አላችሁ? የራስህ መኝታ ክፍል አለህ? ስንት ኮምፒውተር አላችሁ? ስንት መታጠቢያ ቤት? እቃ ማጠቢያ ማሽንስ? ለእረፍት ስንት ጊዜ ውጭ አገር ሄዳችሁ? ሐሳቡ ጥሩ ነው። ልጅ የአባቱን ገቢ ላያውቅ ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን እቃ ግን ያውቃል። ጅማ ላይ እንዳለ መገልበጥ ግን አያዋጣም። እኛ ጋ በብዙ ቤት እቃ ማጠቢያዋ ልጅቷ ራሷ ናት።

ስለዚህ የራሳችንን ጥያቄዎች አወጣን። ውሃ ከየት ይመጣል፣ ማን ይቀዳል? እንጀራ ማን ይጋግራል? የቤት ሠራተኛ አለ? ትምህርት ቤት በምን ትመጣላችሁ? ቤት ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ሥራ ነው፣ አስጠኚ ነው ወይስ ምንም? እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ገቢ ብቻ ሳይሆን የልጁ ሰዓት በማን እጅ እንዳለም ይናገራሉ። በኋላ ይበልጥ የጠቀመን ይኸኛው ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው

ውጤቱ እንደታየ ትምህርት ቤቱ የወሰደው እርምጃ የተለመደው ነበር፦ የስፖርት ክለብ። ከትምህርት በኋላ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ቱታና ስኒከር የግድ።

ክለቡ በልጅ አልታማም። የመጡት ግን ያለ ክለብም የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ከተማ ነው፤ ኳስ የሚወድ ልጅ መቼም አይጠፋም። ሴቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ቀስ በቀስ ቀሩ። ግንቡ ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ልጆች አንድም ቀን ብቅ አላሉም። 10 ሰዓት ላይ እሷ የእንጀራ ሥራ ላይ ናት፣ እሱ አስጠኚ እየጠበቀ ነው።

ሁለት ቀን በወረቀት ላይ

ከዚያ ለመላው ሴክሽኑ ቀላል ሥራ ሰጠን። ከእንቅልፍ ከተነሳችሁበት እስከተኛችሁበት ያደረጋችሁትን በሰዓት ጻፉ። አንዱ ሐሙስ ይሁን፣ ሌላው የፈለጋችሁት ቀን። ሐሙስን የመረጥነው የሴክሽኑ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ስለሆነ ብቻ ነበር።

የልጅቷ ሐሙስ ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ጀርባው አልፏል። በፈቃዷ በከፊል ላስቀምጠው፦

«ሌሊት 9 ሰዓት ተነሳን። ሐሙስ ስለሆነ። እሳት አነደድኩ። እናቴ ጋገረች፣ እኔ እያነሳሁ ደረደርኩ። 12 ሰዓት እንጀራ አደረስኩ። ተመልሼ ሌላ አደረስኩ። ውሃ ቀዳሁ 2 ጀሪካን። ታናናሾቼን ቁርስ አበላሁ። ትምህርት። ስፖርት፣ ተቀመጥኩ። ቤት። የእንጀራ ብር ልቀበል ሄድኩ። ሊጥ አቦካሁ። ትንሽ አጠናሁ።»

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች ማለት ነው፤ ያውም ከእንጀራው በኋላ።

የልጁ ወረቀት ደግሞ ይህ ነው፦ «1 ሰዓት ተነሳሁ። ቁርስ። ባጃጅ። ትምህርት። ባጃጅ። ስልክ። አስጠኚ። እራት። ስልክ።» ለሁለተኛው ቀን «እንደ ላይኛው» ብሎ አለፈው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ውጤታቸው እኩል መሆኑ ትርጉም አጣብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። መመሪያው እንቅስቃሴ የሚለው ስፖርትን ብቻ አይደለም። ጨዋታ፣ የእግር መንገድ፣ የቤት ውስጥ ሥራም ይቆጠራል። ልኩን ለማወቅም መሣሪያ አያሻም። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ፣ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግሮ ትንፋሽ ከቆረጠ ከባድ ነው። በዚህ መለኪያ ልጅቷ 60 ደቂቃዋን ትምህርት ቤት ሳትደርስ ትጨርሳለች። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ቢደመርለት የአንዷን ቀን አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የ146 አገሮች ጥናት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 81 በመቶው በ2016 በቂ እንቅስቃሴ እንዳላደረጉ አሳይቷል። ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ። ቁጥሩ ከባድ ነው፤ አልክደውም። ግን ጥያቄው «ስፖርት ትሠራለህ?» ብቻ ሆኖ ከቀረበ እንደዚች ልጅ ያለችው «አልሠራም» ብላ ታልፋለች። እኛም የውጤት መዝገቡ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ሌላም ነገር ከወረቀቶቹ ወጣ። የሐሙስ ገበያ ጅማ ላይ ትልቁ ገበያ ነው። ከየገጠሩ ሰው ይገባል፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ የእንጀራ ትዕዛዝ ይጨምራል። ስለዚህ እናትና ልጅ ከሌላው ቀን ሁለት ሰዓት ቀድመው ይነሳሉ። ከሳምንቱ በጣም የምትደክምበት ቀን ሐሙስ ነው። እኛ «ሩጪ» የምንላት ደግሞ ሐሙስ ነው። ሴክሽኑ ውስጥ ቤተሰቡ በገበያ የሚተዳደር ልጅ ብዙ ነው። አንዱ ጋሪ ይገፋል፣ አንዷ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ታሰልፋለች። የሁሉም የሐሙስ ወረቀት ረጅም ነበር።

ከወላጆች ጋር

እኔና የክፍሉ ኃላፊ ሁለቱንም ቤት ሄድን።

የልጅቷ እናት ቡና አፍልታ ተቀበለችን። የመጣንበትን ነገር ስንነግራት መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሳቅ አለች። «እናንተ መምህራን፣ እሷ ስፖርት ምን ያደርግላታል? ስትሮጥ አይደል እንዴ የምትውለው! እንዲያው አረፍ የምትልበት ሰዓት ብታገኙላት ነው የሚሻለው።»

እውነቷን ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሸክም ሰውነትን ያንቀሳቅሳል፣ ግን ሁልጊዜ በዚያው በኩል ነው። አንገትና ወገብ ይጫናል፤ ዝላይ የለበት፣ ጓደኛ የለበት፣ ሳቅ የለበት። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ልጅቷን ለብቻዋ ስታነጋግራት 6ኛ ክፍል እያለች በገመድ ዝላይ የሚያህላት እንዳልነበረ ነገረቻት። ሜዳው ላይ የማትወጣበትን ምክንያትም በዝግታ አወጣችው። ቱታ የላትም። ያላት አንድ ጫማ ነው፤ እሱ ከተቀደደ ሌላ የለም። ወንዶቹ ባሉበት መዝለል ያሳፍራታል። የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ውሃ ያለው መለወጫ ቦታ የለም። «ሆዴን አሞኛል» የምትለው ይህን ሁሉ ከመዘርዘር ስለሚቀላት ነው።

የልጁ አባት ጋ ነገሩ ከበደ። ሰውየው ቅን ነው፣ ልጁንም ይወዳል። «ቲቸር፣ እኔ በእሱ ዕድሜ ጆንያ ቡና ስሸከም ነው ያደግኩት። እሱ እንዳይለፋ ብዬ ነው የምለፋው» አለን። የአንድ ጆንያ ቡና የተለመደ ክብደት 60 ኪሎ ነው። ያንን የተሸከመ ሰው ልጁ ባጃጅ ላይ ሲወጣ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ይገባኛል። በእግሩ ይምጣ ስንለው ፈገግ ብሎ «ሰው ምን ይላል? ከሰረ ነው የሚሉት» አለ።

ብዙ ሰው የኑሮ ደረጃን ከገንዘብ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ሀብታም ኳስ ይገዛል፣ ድሃ አይገዛም በሚል። ሀብታም አገሮች ውስጥ ይህ በከፊል ያስኬዳል፤ የክለብ ክፍያ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ አሠልጣኝ የሚችለው ያለው ነው። በኛ ከተማ ግን ላብ ራሱ ትርጉም አለው። በእግር መሄድና መሸከም ያጣ ሰው ምልክት ነው። ቤተሰብ ሲያልፍለት መጀመሪያ ከልጁ ላይ የሚያነሳው ይህንን ነው።

አባትየውን ያሳመነው የኛ ንግግር አልነበረም። ስኳር አለበት። ሐኪም «በእግርህ ሂድ» ብሎት ችላ ብሎ ቆይቷል። ባለቤቱ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ «ታዲያ አብራችሁ አትሄዱም?» አለች። ነገሩ በዚያ አለቀ። የሐኪም ትዕዛዝ ከሆነ ሰፈሩ ከሰረ አይልም።

የተቀየሩት ነገሮች

ከሁሉ በፊት ክፍለ ጊዜውን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ አዛወርነው። የሒሳብ መምህሩ ሰዓቱን ቀየረን። አንድ ብር አልወጣም። ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣውም ይኸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የቱታ ግዴታ ተነሳ። የሚያፈናፍን ልብስ ይበቃል፤ ረጅም ቀሚስ ከሥር ሱሪ ጋር፣ ሂጃብም እንዳለ። ሣር ላይ በባዶ እግር መዝለል ተፈቀደ።

ከክለቡ ሌላ፣ በረፍት ሰዓት የገመድ ቦታ ለሴቶች ብቻ ተለየ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነው፣ ከሜዳው አይታይም። ገመዱ ከገበያ የተገዛ ተራ የሲሳል ገመድ ነው፤ ጫፉን ቋጥረን ተጠቀምንበት። ጊዜው አጭር ነው። ግን ማንም ወላጅ ከትምህርት በኋላ ልጄን አቆያችሁብኝ አይልም።

ውጤት አሰጣጡም ተሻሻለ። በፍጥነትና በርቀት ብቻ ከመስጠት ተማሪው ከራሱ ያለፈ ወር ጋር ይነጻጸር ጀመር። የቤት ሥራ ጫና ያለባት ልጅ ደክሟት ከመጣች ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠርታ ገመድ ብትቆጥር ተሳትፋለች ተብሎ ይያዝላታል። አንዳንድ ባልደረቦች ይህን «ማዳላት» አሉት። ክርክሩ አሁንም አላለቀም።

ልጁና አባቱ በበኩላቸው ሰንበት ሰንበት ጠዋት ወደ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ዳገት፣ በእግር መውጣት ጀመሩ። በሥራ ቀን ደግሞ ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መምጣቱ ቀርቶ አዌቱ ድልድይ ላይ ያወርደዋል። ከዚያ በእግሩ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ልጅቷ ከግንቡ ወረደች። ማክሰኞ ማክሰኞ ትሳተፋለች፤ በረፍት ሰዓት ደግሞ ገመዱን የሚያዞሩት እሷን ጠብቀው ነው። ሁለት ገመድ ባንድ ላይ ሲዞር መሐሉ ትገባለች። ሌሎቹ ሲቆጥሩ ድምፃቸው መምህራን ክፍል ድረስ ይሰማል። የቤት ሥራዋ ግን በአንድ ጀሪካን እንኳ አልቀነሰም። ይህን ሳይደብቁ መጻፍ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት የውሃ ቧንቧ አያስገባም፤ እኛ ያደረግነው የራሳችንን ጫና ከላይዋ ማንሳት ነው።

ልጁ መጀመሪያ ሜዳውን አንድ ዙር ሮጦ ይቆም ነበር። ወደ ሚያዝያ ሲደርስ ከመካከለኞቹ ጋር ይጨርስ ጀመር። ኳስ አይወድም፤ አላስገደድነውም። ዳገቱን ወዶታል።

ግንቦት ሲገባ ዝናቡ መጣ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ጭቃው አይጣል ነው። የአዌቱ መንገድ ተቋረጠ፣ ባጃጁ እንደገና በር ድረስ መጣ። ፈተና ሲቃረብ አባትየው ቅዳሜና እሑድም አስጠኚ ጨመረ፤ ጅሬን ቀረ። ለክረምት አማራጭ አላዘጋጀንም ነበር። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር፣ ደረጃ መውጣትም ሆነ ገመድ፣ ቀድሞ መለመድ ነበረበት።

ፍጹም ያልሠራው የጫማ እርዳታው ነው። ትምህርት ቤቱ አስቦ ጫማ አሰባሰበ፤ መልካም ነገር። ያከፋፈለው ግን ባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ስም እየጠራ ነው። ልጅቷ ተቀበለች። አንድ ቀን አላደረገችውም። ጫማው የታናሽ ወንድሟ እግር ላይ ነው የታየው። በሚቀጥለው ጊዜ ርክክቡ በክፍል ኃላፊዎች በኩል፣ ለየብቻ፣ ሆነ። ያኔ ጫማዎቹ ሜዳ ላይ መታየት ጀመሩ።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፦ የቡና ለቀማ። ከከተማው ጫፍ የሚመጡ ወንዶች ልጆች ለሳምንታት ጠፉ፤ የመጡትም በድካም ያንቀላፋሉ። በለቀማ ወቅት የሩጫ ፈተና ማድረግ ከንቱ ነው። ፈተናውን ወደ ጥር ገፋነው።

ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊወሰዱ የሚችሉ ነጥቦች

የሁለት ቀን ወረቀቱን ማንኛውም መምህር ሊጠቀምበት ይችላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። አንዱ ቀን የአካባቢው የገበያ ቀን ይሁን። ወረቀቱ ጮክ ብሎ አይነበብ፤ የሞላ ቤት ልጅም የጎደለ ቤት ልጅም ያፍርበታል። ከዚያ ልጆቹን በሀብት ሳይሆን በሰዓት ለዩዋቸው። የእኛ ሴክሽን ሦስት ዓይነት ነበር፦ ሥራ የበዛበት፣ ጥናትና ስልክ ያሰረው፣ ነጻ ሰዓት ያለው። ክለብ የሚጠቅመው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሥራ ለበዛባት ልጅ ጨዋታና እረፍት፣ ስልክ ላይ ለተጣደው ደግሞ እግር መንገድ ያስፈልጋል። ለሁለቱ አንድ ትዕዛዝ መስጠት አንዷን ማድከም ነው፣ አንዱን ግን አያነሳውም።

ከወላጅ ጋር ስትነጋገሩ ስለ ስፖርት ጥቅም ትምህርት አትስጡ። ቤቱ ውስጥ ቀድሞ ያለውን ምክንያት ፈልጉ። እኛ ጋ የአባትየው ስኳር ነበር። ሌላ ቤት የአያት ጉልበት ወይም የልጁ ክብደት ሊሆን ይችላል።

ሴቶች ልጆች «አሞኛል» ሲሉ ሴት መምህርት ትጠይቅ። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ስለ ቱታው እንጂ ስለ ወር አበባው አልሰማም ነበር። ውሃ ያለው መለወጫ ክፍል ለመሥራት ጥያቄ አቅርበናል፤ በርሜልና መጋረጃ ተገኝቷል፣ በሩ ገና ነው።

የማክሰኞው ለውጥ ዘንድሮም ቀጥሏል። ሁለት ሌሎች ሴክሽኖች ግን አሁንም ሰውነት ማጎልመሻ ያላቸው ሐሙስ ነው፤ ሰዓቱን የሚቀይረን መምህር እየፈለግን ነው።